ጭብጨባው ለምን ነበር?

አርባ ምንጭ የክርክር ርዕስ አጥታ አታውቅም። ከሰፈሮቿ ሴቻ ይሻላል ወይስ ሲቀላ የሚለው ሙግት ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከአባያ ሐይቅ ዓሣና ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የቱ ይጥማል ቢባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለይቶ የቀመሰ ባይገኝም የሚምልበት አይታጣም። ምንጮቹ በእርግጥ አርባ ናቸው ወይ ሲባልም፣ ቆጥሮ የጨረሰ ሳይኖር ሁሉም መልስ አለው። በዚህች ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ ባለ አንድ ጁስ ቤት፣ እነዚህን ሁሉ የሚያስንቅ ክርክር ሰማሁ። ስፕሪሱ ተቀድቶ፣ አቮካዶው ከማንጎው ተቀላቅሎ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ የጠጣው የለም። ርዕሱ የአንድ የጃፓን ካርቱን መጨረሻ ነበር፤ 26ኛው ክፍል።

እኔ «ካርቱን» ስል መላው ጠረጴዛ በአንድ ድምፅ «አኒሜ!» ብሎ አረመኝ። በዚያ ምሽት የተስማሙበት ብቸኛ ነጥብ እሱ ነው።

አኒሜው ኒዮን ጄነሲስ ኢቫንጌሊዮን ይባላል። ጋይናክስ የተባለ ስቱዲዮ ሠርቶት፣ ሂዴያኪ አኖ አዘጋጅቶት፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1995 እስከ መጋቢት 1996 በቲቪ ቶኪዮ ታየ። ተከራካሪዎቹ ሲወለዱ አርጅቶ ነበር ማለት ነው። ታሪኩ ይህን ይመስላል። «መላእክት» የሚባሉ ግዙፍ ፍጡራን ከተማ ሊያጠፉ ይመጣሉ። ሺንጂ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው አባቱ ያስጠራውና፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጠው፣ ፎቅ የሚያክል ሮቦት አሳይቶ «ግባና ተዋጋ» ይለዋል። ልጁ አልፈልግም ይላል፤ ይገባል። ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይገባል። እስከ 24ኛው ክፍል ነገሩ ቢወሳሰብም ተመልካቹ ወዴት እንደሚያመራ ይጠረጥራል።

ከዚያ ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች ይመጣሉ። ጦርነቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ልጁ በጨለማ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠየቃል። ምን ትፈራለህ? ለምን ትዋጋለህ? አንተ ማን ነህ? ምስሉ አንዳንዴ ቀለም ያልነካው የእርሳስ ንድፍ ነው፤ አንዳንዴ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ጽሑፍ ብቻ። መሃል ላይ ሁሉም ነገር ድንገት ይለወጥና ልጁ ከችግር ሁሉ የራቀ ተማሪ ሆኖ ይነሣል፤ አንዲት ልጅ ዳቦ በአፏ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ትላተመዋለች። ይህም ያልፋል። በመጨረሻ የምናውቃቸው ሰዎች፣ የሞቱት ጭምር፣ ፔንጉዊኑ ሳይቀር፣ ልጁን ከብበው ያጨበጭባሉ። «እንኳን ደስ አለህ!» ይሉታል። አመስግኖ ፈገግ ይላል። አለቀ።

ይህን አይቶ «ምንድን ነው ነገሩ?» የሚል ሰው ጤነኛ ነው። ጁስ ቤቱ ውስጥ ግን እንዲህ ዓይነት ጤነኛ አልነበረም። ሁሉም ገብቶታል፤ ያጣላቸው ለእያንዳንዱ የገባው ሌላ ሌላ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የሃይድሮሊክስ ተማሪ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነውና እዚህ ከተማ ማንኛውም ጥያቄ መጨረሻው ውኃ ላይ ነው። ልጁም ከዚህ አልወጣም። በሮቦቱ ውስጥ ያለው የአብራሪ ክፍል በፈሳሽ ይሞላል፤ አብራሪዎቹ ፈሳሹን ወደ ሳንባቸው ስበው እዚያው ውስጥ ይተነፍሳሉ። እሱ እንደሚለው የመጨረሻው ክፍል ጠቅላላ ምስጢር ይኸው ነው፤ ጨለማው ጨለማ ሳይሆን ፈሳሹ ነው፤ ጭብጨባውም የግፊት ለውጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህን ሲያስረዳ ናፕኪን ላይ ቀስት የበዛበት ሥዕል ይሥላል። የነገው የፍሉይድ ሜካኒክስ ፈተና ጥራዝ ከክርኑ ሥር ተዘግቶ ተኝቷል።

ሁለተኛዋ የሳይኮሎጂ ተማሪ ናት። ለእሷ ሁሉም ነገር እናት ነው። ሮቦቱ እናት ነው፣ ፈሳሹ የእናት ማኅፀን ነው፣ ወንበሩም እናት ነው። ፔንጉዊኑስ ቢሏት ለአፍታ አሰብ አድርጋ «እንጀራ እናት» አለች።

ሦስተኛውን ጓደኞቹ «ዲያቆን» ይሉታል። የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ ስለነበር እንጂ የቅስናው መንገድ ላይ አይደለም። እሱን የሚያንገበግበው የመላእክቱ ስም ነው። ራሚኤል የሚባለው በአኒሜው ውስጥ ክንፍም ፊትም የለውም፤ የተወለወለ ሰማያዊ ጌጥ ሆኖ በሰማይ ተንሳፍፎ መሬት ይቦረቡራል። «እኛ ስናውቃቸው እንዲህ ናቸው?» ይላል። ይሁንና የተቆጣው ያህል ኮርቷል። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ከመጽሐፈ ሄኖክ ስሞች ጋር ይቀራረባሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ የፈረንጅ ሊቃውንት መጽሐፉን በወሬና በጥቂት ጥቅሶች ነበር የሚያውቁት። በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ የተገኙት በሙት ባሕር ዳር ከወጡት ጥቅልሎች ጋር ነው። አኒሜው ውስጥም የዓለምን ዕጣ የሚወስኑ ሰዎች የሚመሩበት ምስጢራዊ ሰነድ «የሙት ባሕር ጥቅልሎች» ይባላል። ዲያቆን ይህን ሁሉ አያይዞ፣ የ26ኛው ክፍል ፍቺ ያለው ጃፓን ሳይሆን እዚሁ አገር ብራና ላይ ነው ይላል። ጠዋት ትራንስፖርት ቢገኝ ብርብር ማርያም ድረስ ሄዶ ለማስገለጥ ዝግጁ ነበር።

አራተኛው ከሁሉም ይጮኻል። አኒሜውን አላየውም። ስለ አኒሜው የተሠራች የዐሥር ደቂቃ ቪዲዮ አይቷል፤ እሷንም በፍጥነት አሳልፎ። ግን እሱ ሲናገር ያዩት ሁሉ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ምክንያቱም ሲናገር አይጠራጠርም።

ክርክሩ በ24ኛው ክፍል ያለች አንዲት ትዕይንት ላይ ሲደርስ ነገሩ ጋመ። ግዙፉ ሮቦት አንድ ልጅ በእጁ ጨብጦ ይቆማል። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከበስተኋላ ይሰማል፤ ምስሉ ግን አንድ ደቂቃ ገደማ ንቅንቅ አይልም። በ22ኛው ክፍልም ሁለት ልጃገረዶች ሊፍት ውስጥ እንዲሁ ደርቀው ይቆማሉ፣ ቃል የለም። ፋይሉ ተበላሸ ብለው ፍላሹን ነቅለው እንደገና የሰኩ፣ ከቴሌግራም ያወረዱትን ደልዘው ሌላ ጂቢ ያቃጠሉ ብዙ ናቸው። አሁን ግን ያቺ ደቂቃ «ጥልቅ» ተብላለች። ያኔ በኔትወርኩ የተማረረው ሁሉ ዛሬ በዝምታው ተመስጧል።

የአዘጋጆቹን ወገን የሰማ ሰው ግን ይህን ያህል አይመሰጥም። ሥራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የጊዜ ሰሌዳው ተናግቶ፣ ሥዕል የሚያስጨርስ ፋታ ጠፍቶ እንደነበር ተደጋግሞ ተነግሯል። በአኒሜው ስለሚታየው መስቀልና ስለ መላእክቱም ረዳት ዳይሬክተሩ ካዙያ ሱሩማኪ ሲጠየቅ በግልጽ ተናግሯል፤ በጃፓን ግዙፍ ሮቦት ያለበት ተከታታይ ብዙ ስለሆነ የነሱን ከሌላው የሚለይ ነገር ፈለጉ፤ ክርስትና በአገሩ ያልተለመደ ስለሆነ ምስጢራዊ ይመስላል ብለው አሰቡ። ይኸው ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚለውን ተረት ጃፓኖች አልሰሙትም፤ እኛ ባጃጅ ላይ የምንለጥፈው የመልአክ ስም ለእነሱ እንግዳ ሆኖ ማርኳቸዋል።

ይህን ለጠረጴዛው ባነሣ አንድም የተደናገጠ የለም። የሃይድሮሊክሱ ልጅ «ሆን ብለው ነው እንዲህ የሚሉት» አለ። ሳይኮሎጂዋ «ክህደት ይባላል» አለች። ዲያቆን «ምስጢር ያለው ሰው አለኝ ይላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ያላየው ልጅ ቃለ መጠይቁን አንብቤዋለሁ አለ።

በጃፓንም የሆነው ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻውን ያዩ ተመልካቾች እጅግ ተቆጡ፤ ለስቱዲዮው የዛቻ ደብዳቤ የላኩ አልጠፉም። አኖ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997፣ ሌላ መጨረሻ በፊልም ይዞ መጣ። ከደረሱት ደብዳቤዎች ጥቂቱን እዚያው ፊልሙ ውስጥ ብልጭ አድርጎ ለላኪዎቹ መልሶ አሳያቸው። አዲሱን መጨረሻ ለመረዳት ደግሞ አሮጌውን መተርጎም ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 ታሪኩን እንደገና የሚተርኩ አራት ፊልሞች ተጨመሩ። ሰውየው ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሲያስረዳ፣ ሕዝቡ ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ «ገብቶናል፣ ተወን» ሲለው ኖረ።

ትርጉም ፍለጋን ካነሣን፣ አሁን ወደ ተራራው ቀና እንበል። ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ ዶርዜን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ጎብኚ ሁሉ የዝሆን ፊት የሚመስሉትን የቀርከሃ ቤቶች ፎቶ አንስቶ ይወርዳል። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚያ ሰነበተ። ያኔ የሙያው ወግ የሥርዓትን ድብቅ ትርጉም መፈልፈል ነበር። እሱም በሥርዓት ቀን አናቱ ላይ ቅቤ ያኖረውን ሰው ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ልማዳችን ነው የሚል ነው። ሌላውንም ይጠይቃል፤ ልማዳችን ነው። ሰዎቹ ፈረንጅ መጣ ብለው ትርጉም አልፈበረኩለትም። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት ባሳተመው መጽሐፍ ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ፣ ተምሳሌት በመዝገበ ቃላት የሚፈታ ስውር ቋንቋ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የዓለም ሊቃውንት እስካሁን የሚጠቅሱት መጽሐፍ ሥሩ ዶርዜ ላይ ነው። ከዶርዜ በታች፣ ቆላው ላይ፣ የእኛ ልጆች መስቀል ባዩ ቁጥር መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ።

ስፐርበር ከመዘገባቸው ነገሮች እኔ የምወደው የነብሩን ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። እንዲህ የሚለው ሰው ታዲያ ረቡዕና ዓርብም ከብቱን የሚጠብቀው እንደ ሌላው ቀን ተጠንቅቆ ነው። ነብሩ ይጹም፤ ፍየሉ ግን ይታሰር። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ፍልስፍና አላውቅም። ጁስ ቤቱ ውስጥ የጎደለው ይኸው ነው። ስለ ነብሩ ጾም ሌሊቱን ሊያነጉ ይችላሉ፤ የነገ ፈተና የሚባለውን ፍየል ግን ያሰረው የለም።

የዳኝነት ባህልም እዚሁ ደጃፋቸው ላይ ነበር። የጋሞ ሕዝብ ዱቡሻ የሚባል የአደባባይ ሸንጎ አለው። እዚያ ሰው በተራ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ነገሩ በስምምነት እስኪያልቅ ይቆያል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የዚሁ ባህል ሽማግሌዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ግን አራቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሰሚው እኔና አስተናጋጇ ነን። እሷም የምትሰማው ሒሳብ የሚል ቃል ትጠብቅ ስለነበር ነው።

ነገሩ የተፈታው ባልታሰበ በኩል ነው። ከጎናችን ሻይ የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ። ክርክሩ ጆሯቸውን ስለበላው «እስቲ እኔም ልየው» አሉ። የሃይድሮሊክሱ ልጅ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በስልኩ ከፈተላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠየቅ፣ በዙሪያው ያሉት እየተነሡ ሲናገሩት፣ እሱም ጥፋቱን ሲዘረዝር፣ በመጨረሻ ሲጨበጨብለት አዩ። ስልኩን መለሱ።

«ይሄማ ግምገማ ነው» አሉ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። እሳቸው ግን የሚያስደንቅ ነገር አልታያቸውም። መጀመሪያ ወንበር ይሰጥሃል። ግለ ሂስ አውርድ ትባላለህ፤ ደካማ ጎንህን ትናገራለህ። አልበቃም ተብሎ ጓዶችህ ይጨምሩልሃል። አልቀበልም ብትል ይረዝማል። ሂሱን ስትውጥ ራሴን አስተካክላለሁ ትላለህ፤ ይጨበጨብልሃል።

«አባቱስ ጋሼ? ያ መነጽር ያደረገው፣ እጁን አቆላልፎ አፉ ላይ አድርጎ የሚቀመጠው?»

«ሰብሳቢው ነዋ። እሱ ብዙ አይናገርም።»

«ቀለም ያልተቀባው ሥዕልስ?»

«በሂደት ላይ ያለ ነው። የሪፖርቱ ጊዜ ሲደርስ ያላለቀ ሥራ ይቀርባል።»

«ያቺ ምንም የማይነቃነቅባት ደቂቃስ?»

«ጥያቄ ያለው ካለ ዕድል ተሰጥቷል ሲባል ነው።»

«ፔንጉዊኑ?»

ትንሽ አሰቡ። «ቃለ ጉባኤ ያዥ» አሉ።

እስካሁን ከሰማሁት ትርጓሜ ሁሉ የሳቸው ይሻላል። ይልቁንም ስለ አዘጋጁ ሳይሆን ስለ እኛ የሚናገር መሆኑን ያልደበቀ እሱ ብቻ ነው። የአኒሜው ታሪክ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በእኛ 2015 መልአክ አልወረደም፤ በነሐሴው ግን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ፣ መቀመጫዎቹ በበርካታ ከተሞች ተከፋፍለው፣ ለአርባ ምንጭም ድርሻዋ ደረሳት። ከዚያ በፊትም ከተማዋ የስብሰባ ድግስ ጎድሎባት አያውቅም። ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያዩት ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ሰነድ ይቀርባል። ስላይዱ ያልፋል፤ ፊደሉ ደቆ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይነበብም። አወያዩ «ግልጽ ያልሆነ ነገር አለ?» ይላል። ያቺ የ24ኛው ክፍል ደቂቃ ትመጣለች። አባያ በመስኮት ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ማንም እጅ አያወጣም፤ አንድ ሰው ይስላል። «እንግዲያው ግልጽ ነው ማለት ነው» ይባልና ይጨበጨባል፤ የሻይ እረፍት ይሆናል። ሻይ ላይ ሰው ከሰው ይጠያየቃል፤ «ምንድን ነው የተባለው?»

በክፍል ውስጥም ያው ነው። መምህሩ ሰሌዳውን በቀመር ሞልቶ «ተግባብተናል?» ይላል፤ ስልሳ ተማሪ በዝግታ ራሱን ይነቀንቃል። «አልገባኝም» ማለት በእኛ ዘንድ ውድ ነው፤ የሚያስከፍለውም ሌላው በሙሉ ገብቶታል ብለን ስለምናስብ ነው። ሌላውም እንደዚያው እያሰበ ተቀምጧል። ስለዚህ እነዚህን ልጆች ለብቻቸው መተረብ ፍርደ ገምድልነት ነው። ያላዩትን የሚተነትኑ፣ ያላለቀ ሥራ ውስጥ ጥልቀት የሚያዩ፣ ሠሪው ራሱ ጊዜ አልቆብኝ ነው ቢል የማያምኑ ሆነው የወጡት ከእኛ አዳራሽ ነው። ከፈለጉ አማራጭ አላቸው። ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ለስፐርበር ልማዳችን ነው ሲሉት ማንም አላነሰባቸውም፤ እንዲያውም መጽሐፍ ተጻፈበት።

ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ከድንጋጤው ተመለሰ። የሃይድሮሊክሱ ልጅ ጥራዙን ብድግ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ዲያቆን ግምገማ በሄኖክ ዘመንም እንደነበር ሊያስረዳ ጀመረ። ያላየው ልጅ እኔም መጀመሪያ ግምገማ መስሎኝ ነበር አለ። ሳይኮሎጂዋ ብቻ አልተዋጠላትም።

«እሺ ጋሼ፣ ግምገማ ይሁን» አለች። «ግን ልጁ ምንም አልወሰነ። ጦርነቱን ማን አሸነፈ፣ ከተማው ተረፈ፣ አባቱ ምን ፈልጎ ነበር፣ ምንም አልተባለ። ታዲያ ጭብጨባው ለምን ነበር?»

አዛውንቱ የሻያቸውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ስብሰባው ስላለቀ ነዋ ልጄ» አሉ። «የቀረው አበል ነው።»